ከሥራ የተቀነሰ ሰው አበል ከየት መጣ?

የዛሬው የታሪክ ዓምዳችን መነሻ የስልክ ወሬ ነው። በ2020 የኮሮና በሽታ ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠበት ጊዜ፣ አሜሪካ ዘመድ ያላቸው ብዙዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ሰምተው ነበር። ታክሲ ይነዳ የነበረው ወንድም መኪናውን አቁሟል፤ ሆቴል ታጸዳ የነበረችው እህት ሆቴሉ ተዘግቶባታል፤ ሁለቱም ግን "በየሳምንቱ ገንዘብ ይገባልናል" ይላሉ። ሥራ ለቆመበት ሰው ደግሞ ማን ነው የሚከፍለው? ጥያቄው ከዚያ ወዲህ በታሪክም በሲቪክስም ክፍለ ጊዜ እየተነሣ ነው። አንዳንዱ ተማሪ "ምጽዋት ነው" ይላል፤ ሌላው "ብድር ነው፣ በኋላ ይቆረጥባቸዋል" ይላል። ነገሩ ሁለቱንም አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ማን ይገባዋል? ለስንት ጊዜ? ማስረጃው ምንድን ነው? የከለከለኝ ሰው ተሳስቶ ቢሆንስ ለማን አቤት እላለሁ? እነዚህ ጥያቄዎች ራሽን ካርድ ይዞ ለሚሰለፍ ሰው አዲስ አይሆኑም ብለን እናምናለን።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራ ፈት እና ሥራ አጥ

አማርኛችን ሁለት ቃላት አሉት። "ሥራ ፈት" ስንል ሰውየውን መውቀሳችን ነው፤ መሥራት እየቻለ ተቀምጧል፣ የሰው ወሬ ይለቃቅማል ማለታችን ነው። "ሥራ አጥ" ስንል ግን ፈልጎ አጣ ማለታችን ነው፤ ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። የዚህ ታሪክ ግማሹ ከመጀመሪያው ቃል ወደ ሁለተኛው የተደረገ ጉዞ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ጉዞው ደግሞ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ መንግሥታት ገንዘብ ሲያጥራቸው ወደ መጀመሪያው ቃል መመለስ ይቀናቸዋል።

እንግሊዝ አገር በ1834 በወጣው የድሆች ሕግ መሠረት፣ አቅም እያለው ሥራ ያጣ ሰው እርዳታ ቢጠይቅ መልሱ "ወደ ድሆች ሥራ ቤት ግባ" የሚል ነበር። እዚያ ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጆቿ ተለይተው ያድራሉ፤ ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ ያረጀ የመርከብ ገመድ ይፈታሉ። ኑሮው ሆን ተብሎ ውጭ ካለው ከመጨረሻው ድሃ ሠራተኛ ኑሮ የባሰ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ቤቱ እንዲያስፈራ ከተደረገ ሰው ሥራ ይፈልጋል። ሥራው ራሱ ከሌለስ? ለዚህ ሕጉ መልስ አልነበረውም። ፋብሪካ የሚዘጋው ገበያ ስለጠፋ እንጂ ሠራተኛው ስለሰነፈ አይደለም የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው የተሰማው ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው።

የሠራተኞች ዕድር

መንግሥት ከመግባቱ በፊት ሠራተኞቹ ራሳቸው ጀምረውት ነበር። የእንግሊዝ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት፣ አናጺዎችም ቀጥቃጮችም፣ በየሳምንቱ ሳንቲም ያዋጣሉ፤ ሥራ ያጣ አባል ወደ ማኅበሩ ቤት ሄዶ በመዝገብ ላይ ይፈርማል፤ የሰው ፈላጊ አሠሪ ስም ከመጣ ይነገረዋል፣ ካልመጣ ከዋጮው ጥቂት ይሰጠዋል። ይሄ እኮ ዕድር ነው! ልዩነቱ የእኛ ዕድር ለሞት መሆኑ ብቻ ነው። ችግሩም የዕድርን ችግር ይመስላል። ማዋጣት የሚችለው ደህና ደመወዝ ያለው ባለሙያ ነው፤ የቀን ሠራተኛው፣ ሸክም ተሸካሚው፣ የቤት ሠራተኛዋ ከውጭ ናቸው። ክፉ ዓመት ሲመጣም ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል።

በስዊዘርላንድ የሳንክት ጋለን ከተማ በ1895 መዋጮውን በግዴታ አደረገችው። ሥራቸው የማይቋረጥባቸው ሰዎች "ሁልጊዜ የምንከፍለው እኛ፣ ሁልጊዜ የሚበሉት እነሱ" ብለው አጉረመረሙ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ተዘጋ። በቤልጅየም የጌንት ከተማ ግን በ1901 ሌላ ዘዴ አገኘች። ማኅበሩ ለሥራ አጡ አባል በሚከፍለው ላይ የከተማው አስተዳደር ጨምሮ ይሰጣል። ዘዴው "የጌንት ሥርዓት" ተብሎ ወደ ሰሜን አውሮፓ ተሻገረ፤ ዴንማርክ በ1907 ሕግ አድርጋ ተቀበለችው።

ቴምብር የሚለጠፍበት ደብተር

በዓለም የመጀመሪያው አገር አቀፍ የግዴታ የሥራ አጥነት መድን የመጣው በእንግሊዝ በ1911 ነው። ከዚያ በፊት በ1909 በወጣ ሕግ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮዎች ተቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹ በየካቲት 1910 ተከፈቱ። ጉዳዩን በሚኒስትርነት ይመራ የነበረው ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል ሲሆን ከቢሮዎቹ ጀርባ የነበረው ባለሙያ ዊሊያም ቤቨሪጅ ነበር። ቢሮዎቹ መቅደማቸው በምክንያት ነው። ሰውየው እውነት ሥራ አጥቶ እንደሆነ ለማወቅ ሥራ የሚቀርብለት ቦታ መኖር አለበት።

አሠራሩን ጠለቅ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ዛሬ በየአገሩ ያሉት ሕጎች ቅርጻቸውን ከዚህ ወስደዋል። ሕጉ በመጀመሪያ የሸፈነው ሥራቸው በወቅት የሚለዋወጥ ጥቂት መስኮችን ብቻ ነበር፤ ግንባታን፣ መርከብ ሥራን፣ ማሽንና ብረት ማቅለጥን፣ ተሽከርካሪ ሥራን፣ እንጨት ስንጠቃን። ከሁለት ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጡ ሠራተኞች ናቸው። በየሳምንቱ ሠራተኛው 2 ተኩል ፔኒ፣ አሠሪው 2 ተኩል ፔኒ ይከፍላሉ፤ መንግሥት በዚህ ላይ አንድ ሦስተኛውን ይጨምራል። የተከፈለበት ማስረጃ በሠራተኛው ደብተር ላይ የሚለጠፍ ቴምብር ነው። ሥራ ሲቆም አሠሪው ደብተሩን ይመልስለታል። ሠራተኛው ደብተሩን ይዞ ወደ አገናኝ ቢሮው ይሄዳል፣ እዚያው ያስቀምጣል፣ በሥራ ሰዓት እየቀረበ ይፈርማል። በሥራ ሰዓት መሆኑ ነው ብልሃቱ፤ እዚህ የሚፈርም ሰው ሌላ ቦታ እየሠራ አይደለም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት አይከፈልበትም። ከዚያ በኋላ በሳምንት 7 ሽልንግ፣ በዓመት ቢበዛ 15 ሳምንት ይከፈላል። ያውም ለአምስት ሳምንት መዋጮ አንድ ሳምንት አበል ነው፤ ሦስት ወር ብቻ የሠራ ሰው 15 ሳምንት አያገኝም። 7 ሽልንግ ቤተሰብ አያኖርም ነበር። እንዲያኖርም አልተፈለገም፤ ሠራተኛው ካጠራቀመው ጋር ደጋፊ እንዲሆን ነው የታሰበው። ሥራውን በፈቃዱ የለቀቀ ወይም በጥፋት የተባረረ ለስድስት ሳምንት አይከፈለውም። የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች የተሰጡት በጥር 1913 ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መምህራን እንዲያሰምሩባቸው እንፈልጋለን። አንደኛው ይግባኝ ነው። የቢሮው ጸሐፊ "አይገባህም" ካለ ነገሩ እዚያ አያበቃም። አንድ የአሠሪ ወገን፣ አንድ የሠራተኛ ወገንና አንድ ሰብሳቢ ያሉበት ጉባኤ ያየዋል፤ ከዚያም በላይ የመጨረሻ ዳኛ አለ። ምጽዋት ይግባኝ የለውም፤ መብት ግን አለው። ሁለተኛው ቸርችል በ1909 ለባለሥልጣኖቹ የጻፈው ማስታወሻ ነው። በስካር የተባረረ ሠራተኛ አበል ይከልከል ወይ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ቸርችል የሰጠው መልስ ሰውየው መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ አበሉ ይገባዋል፣ ሥነ ምግባርንና ሒሳብን መቀላቀል አልወድም የሚል ነበር። በዚህ ነጥብ አልተሳካለትም። ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ እኛም ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚጠቅም ሐረግ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጦርነቱ ሲያልቅ

በኅዳር 1918 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ወታደሩ ወደ ቤቱ፣ የጥይት ፋብሪካ ሴቶች ወደ ጎዳና ወጡ። አብዛኞቹ በ1911 ሕግ ሥር መዋጮ አልከፈሉም። ዝም እንዳይባሉ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት የሩስያ አብዮት ተነሥቷል። መንግሥት መዋጮ ሳይጠይቅ አስቸኳይ ክፍያ አወጀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለወንድ በሳምንት 29 ሽልንግ፣ ለሴት 25 ሽልንግ ሆነ። "ዶል" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ለሥራ አጥ ገንዘብ መጠሪያ ሆኖ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። ድሮ ለድሃ የሚታደል ቁራሽ ማለት ነበር፤ ስድብነቱ እስካሁን ከቃሉ ላይ አልለቀቀም።

ይህንን ስንጽፍ የእኛው አገር ታሪክ ትዝ ማለቱ አይቀርም። በ1991 የደርግ ጦር ሲፈርስ ከ400,000 በላይ ወታደሮች በአንድ ጊዜ ያለ ሥራ ቀሩ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራዊት አባላትን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ወደ ገጠር ለተመለሱት ስንዴ፣ ዘር፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ለአንዳንዶቹም በሬ ተሰጠ። ሁሉም ግን ወደ ቀዬው አልተመለሰም፤ ከነቤተሰቡ ወደ ኬንያና ሱዳን የተሻገረው ብዙ ነው። በካምፖች ያሉ ትልልቅ ሰዎች ይህንን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ኑሮ ሊናገሩት ይችላሉ፤ ተማሪዎች ቢጠይቋቸው ጥሩ የክፍል ሥራ ይወጣዋል።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። በ1920 ሕጉ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞችን እንዲሸፍን ተስፋፋ። ገበሬ ቅጥረኞችና የቤት ሠራተኞች አሁንም ከውጭ ቀሩ። ቀለሙ ሳይደርቅ ገበያው ወደቀ፤ በ1921 አጋማሽ ሥራ አጡ ከሁለት ሚሊዮን አለፈ። የመድኑ ሒሳብ የተሠራው ለጥቂት ሳምንት ሥራ ለሚያጣ ሰው ነበር፤ ዓመት ሙሉ ሥራ ለማያገኝ ሰው አልተሠራም። መንግሥት ለተጨማሪ ሳምንታት እየተበደረ መክፈል ጀመረ፤ በዚያው ልክ ጥያቄዎቹን ማብዛት ጀመረ።

"እውነት ሥራ እየፈለግህ ነው?"

ከ1921 ጀምሮ ጠያቂው "ከልቤ ሥራ እየፈለግሁ ነው" ብሎ ማሳመን ነበረበት። በቅርብ ርቀት ክፍት ሥራ እንደሌለ ቢሮው ራሱ እያወቀ፣ ሰውየው የትኞቹን ፋብሪካዎች እንደዞረ በስም ይጠየቃል። ስለዚህ ሰው የተዘጋውን በር እያወቀ እያንኳኳ ይውላል፣ ማታ ስማቸውን ያጠናል። ይህ ድንጋጌ በ1930 እስኪሻር ድረስ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጥያቄዎች በዚሁ ምክንያት ውድቅ ተደርገዋል። ብዙ የተጎዱት ሴቶች ናቸው፤ ያገባች ሴት ሥራ ትፈልጋለች ብሎ የሚያምን ጸሐፊ ጥቂት ነበር።

የባሰው በ1931 መጣ። በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ውድቀት መሐል የእንግሊዝ መንግሥት የወንድን አበል ከ17 ሽልንግ ወደ 15 ሽልንግ ከ3 ፔኒ ቀነሰው። ከ26 ሳምንት በላይ ሥራ ላጣ ሰው ደግሞ የቤተሰብ ገቢ ምርመራ ታዘዘ። መርማሪው ቤት ድረስ ይመጣል። ልጅ ጋዜጣ እያዞረ የሚያገኘው፣ የአያት ጡረታ፣ ባንክ ያለች ትንሽ ገንዘብ ሁሉ ይቆጠርና ከአባትየው አበል ላይ ይነሣል። "ልጅህ ይቀልብህ" ማለት ነው። አባት በልጁ እጅ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን እኛ አበሾች መንገር አያስፈልገንም። ሥራ ያላቸው ልጆች የወላጆቻቸው አበል እንዳይቆረጥ ሲሉ ቤት ለቀው ሌላ ቦታ መከራየት ጀመሩ፤ ቤተሰብን ለመጠበቅ የወጣ ነው የተባለ ደንብ ቤተሰብን በተነ።

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጃሮ የምትባል ከተማ ነበረች፤ ኑሮዋ በአንድ የመርከብ ግንቢያ ላይ የቆመ። ግንቢያው በ1934 ተዘጋ። በጥቅምት 1936 የከተማዋ 200 ሰዎች ሥራ ይሰጠን የሚል ከ11,000 በላይ ፊርማ ያለበት አቤቱታ በሣጥን ይዘው ወደ ለንደን 450 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራቸው ተጓዙ። የምክር ቤት ተመራጫቸው ኤለን ዊልኪንሰን የመንገዱን ከፊል አብራቸው ሄደች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አላናገራቸውም። በባቡር ተመልሰው ከተማቸው ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ዜና ሌላ ነበር፤ በጉዞው ወቅት ሥራ ቢገኝ ኖሮ ለመቀበል ዝግጁ አልነበራችሁም ተብሎ አበላቸው ተቀንሷል። ሥራ ፍለጋ ለንደን ድረስ የሄደ ሰው ሥራ አልፈለገም ተባለ ማለት ነው! ቢሮ የገባ ሰው እንዲህ ያለውን አመክንዮ የሆነ ቦታ ሳይሰማ አይቀርም።

አሜሪካ

አሜሪካ ዘግይታ ጀመረች። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው የዊስኮንሲን ግዛት ናት፣ በጥር 1932። አገር አቀፉ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የተፈረመው በነሐሴ 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ነው። ዋናዋ መሐንዲስ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሯ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ነበረች፤ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር። መዋጮው የሚወጣው ከአሠሪው እንጂ፣ ከጥቂት ግዛቶች በስተቀር፣ ከሠራተኛው አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት በአሠሪዎች ላይ ግብር ጣለ፤ ግዛቱ የራሱን የሥራ አጥነት ሕግ ካወጣ ግን ከግብሩ 90 በመቶ ይነሣላቸዋል። ግዛቶቹ ሁሉ እስከ 1937 ድረስ ሕግ አወጡ፤ ማን እምቢ ይላል? የዚህ ውጤት እስከ ዛሬ አለ፤ የአበሉ መጠንም የሚከፈልበት ጊዜም እንደየግዛቱ ይለያያል።

የእርሻና የቤት ሠራተኞች እዚህም ተዘለሉ። በደቡብ ግዛቶች ደግሞ የጥቁር ሕዝብ ሥራ በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። የጥቁሮች መብት ማኅበር ጠበቃ የነበረው ቻርልስ ሂውስተን በ1935 ለምክር ቤቱ ሲመሰክር ረቂቁን ከወንፊት ጋር አመሳሰለው፤ ቀዳዳዎቹ አብዛኛው ጥቁር ሾልኮ እንዲወድቅ ልክ የተቀደዱ ናቸው አለ። የማንኛውም አገር ሕግ ሲነበብ "ማንን ይጨምራል" ብቻ ሳይሆን "በየትኛው ቀዳዳ ማን ይወድቃል" ብሎ መጠየቅ ከዚህ መማር ይቻላል።

መደበኛው ክፍያ በአብዛኛው ግዛት ቢበዛ 26 ሳምንት ነው። ክፉ ጊዜ ሲመጣ ግን 26 ሳምንት አይበቃም፤ ስለዚህ የፌዴራሉ መንግሥት "አስቸኳይ" ማራዘሚያ ያወጣል። የመጀመሪያው በ1958 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው በወደቀ ቁጥር ተደጋገመ። ረጅሙ በሰኔ 2008 የተጀመረው ሲሆን በጣም በተጎዱ ግዛቶች ከመደበኛው ጋር እስከ 99 ሳምንት ደርሷል። አስቸኳይ የሆነ ነገር ሁሉ ማብቂያ ቀን አለው። በታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ምክር ቤቱ ሳያድሰው ቀረና 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በአንድ ቀን ክፍያ ተቋረጠባቸው።

2020

አሁን ወደ ስልክ ወሬው ደረስን። ከ2020 በፊት በአንድ ሳምንት በአሜሪካ ከፍተኛው አዲስ የሥራ አጥ ማመልከቻ 695,000 ነበር፣ በ1982። በመጋቢት 2020 መጨረሻ በአንድ ሳምንት ብቻ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው አመለከተ። በመጋቢት 27 ቀን የተፈረመው ሕግ ሦስት ነገር አደረገ። በመደበኛው ክፍያ ላይ በሳምንት 600 ዶላር ጨመረ፣ ሳምንታቱን በ13 አራዘመ፣ ከሁሉም በላይ ግን በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች፣ ታክሲና ኡበር ነጂዎች፣ የጉሊት ነጋዴ ዓይነቶቹ ሁሉ ማመልከት ቻሉ። ከዚያ በፊት እነዚህ ሰዎች አሠሪ ስለሌላቸው፣ አሠሪ ከሌለ ደግሞ መዋጮ የሚከፍልላቸው ስለሌለ፣ ከሕጉ ውጭ ነበሩ። በዋሽንግተንም በሲያትልም በላስ ቬጋስም መሪ ይዘው የሚያድሩት ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እነዚህ ናቸው።

ለምን 600 ሆነ? ሐሳቡ አማካይ አበልንና አማካይ ደመወዝን የሚያቀራርብ መጠን መስጠት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው እንደየደመወዙ ማስላት ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የግዛቶቹ ኮምፒውተሮች እጅግ ያረጁ ስለነበሩ አይችሉም ተባለ። የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ኮቦል የሚባለውን የድሮ የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያውቅ ፈቃደኛ ባለሙያ በይፋ እስከመለመን ደርሰው ነበር። ሀብታም አገር ስለሆነ ሁሉ ነገር የተሟላ ነው ብለን የምናስብ ካለን ይህችን እናስታውስ። በፍሎሪዳ በሚያዝያ 2020 ድረ ገጹ አልሠራ ሲል ሰዎች የወረቀት ቅጽ ለመውሰድ ረጅም ሰልፍ ተሰለፉ፤ ያውም ተራራቁ በተባለበት ሰሞን።

ለሁሉም እኩል 600 ስለተሰጠ ደመወዛቸው ትንሽ የነበሩ ብዙዎች ከቀድሞ ደመወዛቸው በላይ አገኙ። ወዲያው የድሮው ክርክር ተመለሰ፤ "ሰነፍ እያደረግናቸው ነው" ባዮች አንድ ወገን፣ "ደመወዙ ነው ያነሰው" ባዮች ሌላ ወገን። 600ው በሐምሌ መጨረሻ ቆመ፣ በኋላ በ300 ተተካ፤ የፌዴራሉ አስቸኳይ ክፍያዎች በሙሉ በመስከረም 6 ቀን 2021 አበቁ።

ጠያቂው በየሳምንቱ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ግን ከ1913ቱ እምብዛም አልራቁም። በዚህ ሳምንት ሠርተሃል? ስንት አገኘህ? ሥራ ለመቀበል ዝግጁ ነህ? የቀረበልህን ሥራ እምቢ ብለሃል? ፈርሞ በደብተር ፋንታ በስልክ ቁልፍ መሆኑ ነው ለውጡ። አንድ ሳምንት ሳይመልሱ ማለፍ የዚያን ሳምንት ገንዘብ ሊያሳጣ ይችላል፤ እንግሊዝኛው ያልሰመረለት ሰው ልጁን አስጠርቶ ነው የሚሞላው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት ከተማዋ ወደ አማርኛም ከምታስተረጉምባቸው ጥቂት የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት።

ብዙ ስደተኞች ማመልከት ፈርተው ነበር፤ "የመንግሥት ሸክም ሆነሃል ተብሎ መኖሪያ ፈቃዴ ላይ ቢጻፍብኝስ" ብለው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የሥራ አጥነት አበልን በዚያ አይቆጥረውም። ምክንያቱ ሠርተው ያገኙት መድን እንጂ የድሃ እርዳታ አይደለም የሚል ነው። የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው ግን ከመጀመሪያውም አይገባውም።

በአገራችንና በአካባቢያችን

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2019 የሥራ ስንብት ክፍያን እንጂ ሳምንታዊ የሥራ አጥ አበልን አላቋቋመም። ስንብት ማለት አሠሪው አንድ ጊዜ ከፍሎ የሚለያይበት ነው። ሕጉ ባስቀመጣቸው ሁኔታዎች፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይከፈላል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በሠራተኛ ቅነሳ የወጣ ደግሞ የ60 ቀን ይጨመርለታል። ለሒሳብ መምህራን አንድ ምሳሌ እንስጥ። በወር 3,000 ብር እያገኘ አራት ዓመት የሠራና የተቀነሰ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 3,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 3,000፣ በቅነሳው ምክንያት 6,000፣ በድምሩ 12,000 ብር ይደርሰዋል። የአራት ወር ደመወዝ ነው። አሠሪው ከስሮ ከጠፋስ? መድንና ስንብት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ መድን ከአንድ አሠሪ ኪስ በላይ የሆነ ሣጥን አለው። በ2020 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መንግሥት የመረጠው መንገድም ይህንኑ ያሳያል፤ ሥራ ላጣው ሰው አበል ከመክፈል ይልቅ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ገደበ።

በደቡብ አፍሪካ ግን ሌላ ታሪክ አለ፤ ለእኛ አንባቢዎች የሚቀርበውም እሱ ነው። በግንቦት 2020 መንግሥት ምንም ገቢ ለሌለው ሥራ አጥ በወር 350 ራንድ መስጠት ጀመረ። ዜጎች፣ ቋሚ ነዋሪዎችና ስደተኝነታቸው የጸደቀላቸው ሰዎች ማመልከት ይችላሉ ተባለ። ጥገኝነት ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት ግን ተዘለሉ። በዚያ አገር ወረቀት በመጠበቅ ዓመታት የሚቆጥሩ ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎችና ኮንጎዎች ብዙ ናቸው፤ በገደቡ ጊዜ ሱቃቸው ተዘግቷል፣ ሥራቸው ቆሟል። አንድ የኬፕ ታውን የስደተኞች ድርጅት መንግሥትን ከሰሰ። በሰኔ 18 ቀን 2020 የፕሪቶሪያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥገኝነት ጠያቂዎችን መዝለሉ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ማመልከት እንዲፈቀድላቸው አዘዘ።

የ1951ን የስደተኞች ስምምነት የሚያስተምሩ መምህራን አንቀጽ 24ን ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ ስለ ትምህርት የሚናገረው አንቀጽ 22 ስለሚቀድምብን ይሆናል። አንቀጽ 24 በሕጋዊ መንገድ በአገሩ የሚኖር ስደተኛ በማኅበራዊ ዋስትና ከዜጋው እኩል እንዲታይ ያዝዛል፤ ከዘረዘራቸው ነገሮች መካከልም እርጅና፣ ሕመም፣ ወሊድ፣ ደግሞም ሥራ አጥነት በስሙ ተጠርቷል። ኬንያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1966፣ ኢትዮጵያ በ1969 ነው። የአንቀጹ አቅም ግን ዜጋው ካለው አይበልጥም። ዜጋው የሥራ አጥ አበል በሌለበት አገር እኩልነቱ በባዶ እኩል መሆን ነው። ሌላም ቀዳዳ አለው፤ በካምፕ የሚያስተምር ወይም በክሊኒክ የሚያገለግል ሰው የሚቀበለው "ኢንሴንቲቭ" ይባላል እንጂ ደመወዝ አይባልም፤ ደመወዝ ያልተባለ ነገር ሲቋረጥ ደግሞ "ከሥራ ተቀነሰ" የሚል ወረቀት አይጻፍም። በ2025 የእርዳታ በጀት በየአገሩ ሲቆረጥ በብዙ ካምፖች ያሉ የኢንሴንቲቭ ሠራተኞች ከሥራ የወጡት እንዲህ ነው፤ ያለ ቴምብር፣ ያለ ደብተር፣ ይግባኝ የሚባልበት ጉባኤም ሳይኖር።